ቲቸር እስክስታ እና 11 ሳንቲም

ተማሪ ለመምህሩ ስም ማውጣቱ የታወቀ ነው። እኔም ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ 9 ዓመት አልፎኛል፤ የሆነ ስም እንደሚኖረኝ እጠረጥር ነበር። "ቲቸር ኤክስ" ቢሉኝ አይገርመኝም። እውነተኛውን ስሜን ያወቅኩት ግን ባለፈው ዓመት ነው፣ ኮምቦልቻ፣ ሙቀቱ ልብ በሚያወልቅበት አንድ ከሰዓት በኋላ። የስም መጥሪያ ወረቀቱን ረስቼ ወደ ክፍል ስመለስ አንዱ ልጅ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። ጀርባው ወደ እኔ ነው። ቀኝ እጁን ሰቅሎ የሚጽፍ መሰለ። ከዚያ ግራ ትከሻውን ሁለቴ ነቅነቅ አደረገና "ስለዚህ ኤክስ እኩል ይሆናል…" አለ። እንደገና ነቅነቅ። "ቲቸር እስክስታ!" ብለው ክፍሉን በሳቅ አናጉት።

አልተቆጣሁም። መቆጣት ያቃተኝ ልጁ ልክ እኔን ስለሆነ ነው። ድምፁ ሳይቀር።

ወሎ ውስጥ በእስክስታ መጠራት ለብዙ ሰው ሹመት ነው። ችግሩ እኔ እስክስታ አልችልም። ሰርግ ቤት ጥግ ይዤ የማጨበጭብ ሰው ነኝ። ታዲያ ይሄ ትከሻ ከየት መጣ? ማታ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ይሄንኑ አስባለሁ። እንዲህ እያሰብኩ እጄ ሳላዘው በአንገቴ በኩል ገብቶ የግራ ማንገቻዬን ወደ ላይ ሲስብ ያዝኩት። እንደ ሌባ ያዝኩት። ለካ ይሄ ነው! የጡት መያዣዬ ማንገቻ ይወርዳል፣ እጄ ይመልሰዋል። ሰሌዳ ላይ እጄ በቾክ ስለሚያዝ ደግሞ ትከሻዬ ሥራውን ይረከባል። በቀን ስንት ጊዜ እንደማደርገው እግዜር ይወቀው።

ደሴ ብቻ በነበርኩ ጊዜ ይሄ ነገር አልታወቀብኝም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሹራብ፣ ጃኬት፣ በላዩ ሻርፕ፤ ከሥር ያለው ምን እንደሚመስል ማን ያያል? ኮምቦልቻ ግን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳችሁ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላላችሁ። ጃኬቱ መንገድ ላይ ይወልቃል፣ ሹራቡ ሰዓት ሳይሞላ ይከተለዋል፣ በስስ ሸሚዝ ትቀራላችሁ። ያኔ የብርድ አገር ምስጢር ሁሉ ይወጣል።

"ላንቺ 38"

የመጀመሪያ የጡት መያዣዬን የሰጠችኝ ታላቅ እህቴ ናት። ጠቧት ነው የሰጠችኝ። ለራሴ መግዛት ስጀምር ደሴ ፒያሳ አንድ ቡቲክ ገባሁ። ሻጩ ወጣት ወንድ ነው። የሴት የውስጥ ልብስ ወንድ ለምን እንደሚሸጥ እስካሁን አልገባኝም፤ ብቻ ነው። አንገቴን ደፍቼ "እ… ይሄ… አለ?" አልኩት። በዓይኑ ለካኝ። "ላንቺ 38" አለ። በጥቁር ፌስታል ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሁሉ ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ፌስታሉ ጥቁር መሆኑን እንኳ እንደ ጨዋነት ቆጠርኩለት።

ያንን ቁጥር ለ14 ዓመት ተሸከምኩት። ቀለሙ ይቀየራል፣ ቁጥሩ አይቀየርም። በመሃል ወፈርኩ፣ ከሳሁ፣ ወለድኩ፣ አጠባሁ። 38። ጫማ ቢሆን ሁለቱንም እግሬን አስገብቼ፣ ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ብዬ፣ ተከራክሬ ነው የምገዛው። ቀኑን ሙሉ ቆዳዬ ላይ የሚውለውን ነገር ግን አንድ ልጅ በጨረፍታ አይቶ በሰጠኝ ቁጥር ነው ስገዛ የኖርኩት።

ትከሻዬ ላይ ሁለት ቦይ አለ። ማታ ሳወልቅ ቀልተው አያቸዋለሁ። አንገቴን ሲያመኝ "የፈተና እርማት ነው" እላለሁ። ሁሉም ሴት እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ማንን ጠይቄ አውቃለሁ?

እናቴ ቤት የጡት መያዣ ሲታጠብ ለብቻው ፀሐይ አያይም። ገመድ ላይ ይሰጣል፣ በላዩ ነጠላ ወይም ፎጣ ይደረብበታል። ልክ እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ። ለዚህ ነው ብርድ ባለበት ከተማ የማይደርቀው፤ ይሄ በቅንፍ ይያዝልኝ። እናቴ "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ትላለች፣ ቤታችን በዚህ ተረት ነው የሚተዳደረው። ግን እኮ "ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" ያሉትም እነዚያው አበው ናቸው። የኔ የቀረው ደጃዝማችነት አይደለም፣ ትከሻ ነው።

ደግሞ የሚገርመው ነገሩን እንደዚያ እየደበቅን በየቀኑ የምንሠራበት መሆኑ ነው። ቀሚሳችን ኪስ የለውም። የታክሲ ብር እዚያ፣ ስልክ እዚያ፣ የቤት ቁልፍ እዚያ። እናቴ ገንዘቧን መቀነቷ ጫፍ ላይ ትቋጥራለች፤ እኛ ጡታችን ሥር እንወሽቃለን። የምናምነው ባንክ ነው፤ ልኩን ግን አናውቅም።

ሆጤ፣ ከመጋረጃው ጀርባ

የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነበርና ቀሚስ አሰፋሁ። ሰፊዋ ሆጤ ሰፈር ነው የሚሠሩት። እትዬ ነው የምላቸው። ሜትራቸው ሁልጊዜ አንገታቸው ላይ፣ መርፌያቸው ከንፈራቸው መሃል ነው። ቀሚሱን ሁለት ጊዜ አስተካክለውልኛል፤ ደረቱ ላይ ግን መጨማደዱን አልተወም። ሦስተኛ ስሄድ ፊት ለፊቴ ቆመው ትንሽ አዩኝ። መርፌዋን ከከንፈራቸው አወጡ።

"ቀሚሱ አይደለም" አሉ።

"እና ምንድነው እትዬ?"

"ዙሪ።"

መጋረጃውን ሳቡት። ከኋላዬ የጡት መያዣዬን ዙሪያ ያዙና ጎተቱት። መጣላቸው። እንዲያውም ዝም ብሎ መጣላቸው።

"ቡጢዬ ገባ እኮ! ማነው ይሄን ያለበሰሽ?"

ምን ልበላቸው? አንድ የፒያሳ ልጅ ልበላቸው? ዝም አልኩ። ቁጥሩ የተጻፈበትን ቁራጭ ጨርቅ ገልብጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው አነበቡ። "38፣ ከጎኑ 85።" ትንሽ ቆዩ። "ይሄ 85 ምንድነው?"

"እንጃ" አልኳቸው። እውነቴን ነው። 14 ዓመት ሙሉ 38/85 ተብሎ ጀርባዬ ላይ ተጽፎ ነበር። እኔ የማነበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛው የፋብሪካ ነገር ይመስለኝ ነበር።

"ሳንቲም ነዋ ልጄ! ሌላ ምን ይሆናል? በይ ተንፍሺ። ሁሉንም አውጪው።"

ተነፈስኩ። ሜትሩን ከጡቴ ሥር አዙረው፣ ከፊትም ከኋላም እኩል መሆኑን አይተው ጠበቅ አደረጉት። ቀዝቃዛ ነበር። "74" አሉ።

ከዚያ ዝም አሉ። ውጪ ባጃጅ ጥሩንባውን ይነፋል። ቁጥሩን እሳቸው አልቀነሱትም። እኔን ነው የጠበቁኝ።

"የሒሳብ መምህር አይደለሽ?" አሉኝ።

85 ሲቀነስ 74።

"አሥራ አንድ ሳንቲም አየር ለብሰሽ ነዋ የምትሄጂው" አሉና መርፌዋን ወደ ከንፈራቸው መለሱ።

ሳቅኩ። በጣም ሳቅኩ። ታክሲ ውስጥ ግን ሳቁ ጠፋ። እኔ እኮ ፈተና ላይ አንድ ልጅ "38" ብሎ ብቻ ቢጽፍ "ምኑ? ፍየል ነው? ኪሎ ነው?" ብዬ አንድ ማርክ የምቀንስ ሰው ነኝ። መለኪያውን ሳታዩ አትደምሩ፣ አትቀንሱ እያልኩ ጉሮሮዬ የሚደርቅ ሰው ነኝ። ገላዬ ላይ ሲሆን ግን ጥያቄው አልመጣልኝም። ስንፍና አይደለም። ቁጥሩን ለማንበብ ልብሱን እጅ ላይ ይዞ ትንሽ መቆየት ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ልብሱን ከፌስታሉ አውጥቼ ቶሎ መሳቢያ ውስጥ መክተት ነበር የተማርኩት። እፍረቱ ጊዜዬን ወሰደብኝ፤ አንድ ቃል ለማንበብ የሚበቃ ጊዜ።

ሌላም ነገር አለ። ያ ቡቲክ ያለው ልጅ ሲያየኝ ገላዬን እየገመተ ነበር፣ እኔም እየተገመትኩ መሆኑ ስለገባኝ ነው አንገቴን የደፋሁት። ሜትሩ ግን አይገምትም። ወፍረሻል፣ ወርዷል፣ ከወለድሽ በኋላ እንዲህ ሆነሻል አይልም። 74 ይላል፣ ያበቃል። እትዬም ፊታቸው ላይ ያየሁት ጃኬት ሲለኩ የማየውን ፊት ነው። እንዲህ ቀላል መሆኑን ባውቅ ኖሮ ብዬ ተናደድኩ።

ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር ነገሩኝ። "ልጅሽን ስታዝይ ጨርቁን የት ነው የምታጠብቂው? ወገብሽ ላይ አይደል? ትከሻሽ ላይ ብቻ ብታንጠለጥይው ልጁም ይወርዳል፣ አንገትሽም ይቆረጣል። ይሄም ያው ነው። ክብደቱን የሚይዘው ዙሪያው ነው። ማንገቻው አጃቢ ነው።"

እኔ ስሠራ የኖርኩት ተቃራኒውን ነው። ዙሪያው ሰፊ ስለሆነ አይዝም፤ አልይዝ ሲል ማንገቻውን አሳጥራለሁ። ማንገቻው ሲያጥር ከኋላ ወደ ማጅራቴ ይጎትተዋል። ከኋላ ሲወጣ ከፊት ይወርዳል። ከፊት ሲወርድ እንደገና አሳጥራለሁ። መስታወት ፊት ጀርባዬን ሳየው ቀጥ ብሎ መሄድ ያለበት መስመር ቅስት ሠርቷል። ለተማሪዎቼ የምስለው ፓራቦላ ጀርባዬ ላይ ተስሏል። የማንገቻው መውረድም ምክንያት ነበረው፤ ልብሱ የተሠራው ከእኔ ለሚሰፋ ጀርባ ስለሆነ ማንገቻዎቹ ተራርቀው ትከሻዬ ጠርዝ ላይ ነው የሚያርፉት።

ዲ ማለት

እትዬ ጡቴ ላይም ለክተው "93" ብለው በቁራጭ ወረቀት ጽፈውልኛል። ማታ ልጄን አስተኝቼ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። የጡት መያዣ ልክ ለካ ቁጥርና ፊደል ነው፤ ቁጥሩ የዙሪያው ነው። በአውሮፓውያኑ አለካክ ፊደሉ የሚመጣው ከሁለቱ ልኮች፣ ከጡት ላይና ከጡት ሥር፣ ልዩነት ነው። ልዩነቱ ከ12 እስከ 14 ሳንቲም ከሆነ ኤ፣ እስከ 16 ቢ፣ እስከ 18 ሲ፣ እስከ 20 ዲ። የእኔ 19 ነው።

ዲ! ስልኩን ገለበጥኩት። ዲ የሚባለው የሌላ ዓይነት ሴት ነው ብዬ ነበር የማስበው።

ከዚያ ግን መምህርነቴ ነቃ። ፊደሉ መጠን አይደለም፣ ልዩነት ነው። ከ75 ጋር ያለ ዲ እና ከ85 ጋር ያለ ዲ አንድ አይደሉም። ዙሪያው አንድ ደረጃ ሲጠብ፣ ፊደሉ አንድ ሲጨምር፣ ጡቱ የሚያርፍበት ቦታ ስፋት ያው ነው የሚሆነው። 85 ቢ፣ 80 ሲ፣ 75 ዲ፤ ሦስቱም ከፊት የሚይዙት እኩል ነው። እዚህ ላይ ተነስቼ ቆምኩ። የእኔ 38፣ ማለትም 85፣ ቢ ነበር። ልኬ ደግሞ፣ 74 ለ75 ስለሚቀርብ፣ 75 ዲ። ያ ልጅ እኮ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም! ከፊት ያየውን በትክክል ገምቷል። ያላየው ከኋላ ያለውን ነው። ለዚህ ነው 14 ዓመት ያልነቃሁት። መስታወት ፊት ስቆም ከፊት ልክ ነኝ።

የአውሮፓው 75 በእንግሊዞቹና በአሜሪካኖቹ 34 መባሉ ሲያስጨንቀኝ አመሸ። 34 ኢንች ወደ 86 ሳንቲም ነው፣ እንዴት 75 ይሆናል? ነገሩ የድሮ ልማድ ነው። እንግሊዞቹና አሜሪካኖቹ ከጡት ሥር በኢንች ይለኩና 4 ወይም 5 ይጨምሩበት ነበር። የእኔ 74 ሳንቲም 29 ኢንች ነው፤ 5 ሲጨመር 34። መደመሩ ቀረ ሲባልም ቁጥሩ ልብሱ ላይ ቀረ። በዕድሜውም የጡት መያዣ እንዲህ የቆየ አይደለም፤ አሜሪካዊቷ ሜሪ ፌልፕስ ጃኮብ ከሁለት መሐረብና ከሪባን ለሠራችው የፈጠራ መብት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1914 ነው። እዚህ ደሴ ራስ ሚካኤል ንጉሥ የተባሉበት ዓመት። ከዚያ ወዲህ ነው ይሄ ሁሉ ቁጥር የተከመረብን።

አንድ ደረት፣ ሦስት ዜግነት

ማወቁ ቀላሉ ነው። ፒያሳና አራዳ ዞርኩ። ሕይወቴን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብዬ፣ ድምፄን አውጥቼ "34 ዲ አለ?" አልኩ። ጎኔ የቆመ ሰውዬ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። "34 ለልጃገረድ ነው እህቴ፣ ላንቺ 40 ላውጣልሽ?" አለኝ ሻጩ። ሌላው ጋ ፊደል የሚባል ነገር አልተጻፈም። ሌላው ጋ 34 አለ፣ ግን ከፊት የሎሚ ያህል ነው። ሰዎቹ ላይ አልፈርድም፤ ጠያቂ የሌለውን ዕቃ ማን ያመጣል? ጠያቂዎቹ ደግሞ እንደ እኔ ነበሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው ጥቁር ፌስታል የሚቀበሉ።

ትምህርት በተዘጋ አንድ ሰኞ ወደ ሰኞ ገበያ ወረድኩ፣ ሰልባጅ ፍለጋ። አንዲት ሴት ሸራ ላይ የጡት መያዣ እንደ በርበሬ ከምራለች። ፊደሎቹ ሁሉ እዚያ ነበሩ። 70 ኢ፣ 75 ቢ፣ 90 ሲ። አንዱ ላይ ሦስት ቁጥር ተደርድሯል፤ 34፣ 75፣ 90። እንግሊዝ፣ አውሮፓ፣ ፈረንሳይ። አንድ ደረት፣ ሦስት ዜግነት። ከጎኑ ዲ።

ላስቲኩን ወጥሬ ለቀቅኩት፤ ተመለሰ። የሰልባጅ ትልቁ ፈተና ይሄ ነው፤ ላልቶ የሚቀረውን ተዉት፣ ልኩ ቢሆንም ልክ አይደለም። የት ልሞክረው ስል ሴትየዋ ጎረቤቷን ጠራች። ሁለቱ ሻርፓቸውን ዘርግተው በዙሪያዬ ቆሙ። በካናቴራ ላይ ለበስኩት። መጨረሻው፣ ሰፊው መንጠቆ ላይ ቆለፍኩት፤ ሲውል ሲያድር ሲላላ ወደ ውስጥ ለማስገባት ነው። መሃሉ ደረቴ አጥንት ላይ ተኛ። ሽቦው ጡቴን ከቦ ብብቴ ሥር ጨረሰ። ማንገቻው ሥር ሁለት ጣቴ ገባ። ከዚያ እጄን ሰቀልኩ፣ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፍ። አየሩ ላይ አንድ ሙሉ እኩልታ ጻፍኩ። ከኋላ አልወጣም።

"ምን እየሠራሽ ነው?" አለች አንዷ።

"እየሞከርኩ።"

"አብሽሪ፣ ይዞሻል!" አለችኝ።

መጀመሪያ ሰሞን ደረቴን አጠበበኝ፤ አየር ለለመደ ሰው እውነተኛ ልክ ጭንቅ ይመስላል። በሳምንት ተለማመድኩት። ትከሻዬ ላይ ያለው ቦይ አሁንም አለ፣ ግን አይቀላም። አንገቴ ቀለል ብሎኛል። እርማቱ እኮ አልቀነሰም።

ክፍል ውስጥ ትከሻዬ ቆሟል። ስሙ ግን አልቆመም። አዲስ የገቡት ልጆች ከየት እንደመጣ እንኳ ሳያውቁ "ቲቸር እስክስታ" ይሉኛል።

እናቴ ሰልባጅ መሆኑን ስትሰማ ፊቷን አጨማደደች። "የማንን ጡት ሲይዝ የከረመ ነው?" "የፈረንሳይ" አልኳት። አፍልቼ ማጠቤን ነግሬያት ትንሽ ረጋች። ቀጥላ ሽቦውን ነካችው፤ "ነቀርሳ ያመጣል ይላሉ።" ሲያትል ያሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ከ1,500 በላይ ሴቶችን አነጋግረው ግንኙነት እንዳላገኙ ነገርኳት። "እነሱ ምን ያውቃሉ" ብላ ወደ ቡናዋ ዞረች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመስለኛል፣ ማታ ደብተር ሳርም መጣች። እጇ ላይ ከስፌት ቆርቆሮዋ ያወጣችው ሜትር አለ።

"በሩን ዝጊው" አለች።

ዘጋሁት። ነጠላዋን አላወለቀችም፤ ከሥር ነው የለካኋት። ተንፍሺ ስላት ተነፈሰች። ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች።

"ስንት ነው?"

ነገርኳት።

"ቀስ በይ እንጂ!" ቤት ውስጥ ከእኔና ከእሷ በቀር የተኛ ልጅ ብቻ ነው ያለው።

ወረቀት ላይ ጻፍኩላት፣ ሁለቱንም ቁጥርና ፊደሉን። ራቅ አድርጋ ይዛ አነበበችው። አራት ቦታ አጠፈችው። ከዚያ የመቀነቷን ጫፍ ፈትታ፣ ከብሯ ጋር አድርጋ መልሳ ቋጠረችው።